ሹፌር የተገኘለት አደጋ

ጉለሌ፣ መስከረም 19 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእትዬ ኡሙሀኒ፣ ለእናቴ ታላቅ እህት፣ ከእናቴ በኋላም እናት ለሆኑኝ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት ሻርጃ ባለው ቤትዎ ይግባ። ወገብዎ እንዴት ነው? ሱቁስ? ልጅዎ ሉብናስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይህን ከጻፍኩ በኋላ እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

አማን በዚህ ክረምት መራመድ አቆመ። በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት ተወ። ቀጥሎ ግድግዳ እየያዘ መሄድ ጀመረ። ከዚያ አንድ ጠዋት “እማ፣ ዛሬ አልነሳም” አለኝ። ስንፍና መስሎኝ ተቆጣሁት። ቁርሱን ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት፣ ተነስቶ እንዲመጣ። አልመጣም። ሻዩ ቀዘቀዘ።

የቁስቋምን ዳገት ያውቁታል። ሐኪም ቤት ስንሄድ አዝዬው ነው ታክሲ እስካለበት የምወርደው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ እግሩ መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው። አባቱ “በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም” ብሎ ከሄደ ወዲህ የሚያግዘኝ የለም።

ሐኪሞቹ ነገሩን ነግረውኛል። ጡንቻ ቀስ በቀስ የሚያልቅበት በሽታ ነው። እግር፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ... እዚህ ላይ ሲደርስ ሐኪሙ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። በእናት በኩል የሚመጣ ነው አሉኝ። ሴቶቹ ይሸከሙታል፣ ወንዶቹ ይታመሙበታል።

ጳውሎስ አካባቢ፣ አንድ ፋርማሲ ፎቅ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ እኔ ያሉ እናቶች የሚቀመጡበት ክፍል አለ። ሮሐ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ታነጋግረናለች። ትጠይቃለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች፤ ዝም ስትል እኛ እናወራለን። ለማንም ያልተናገርኩትን እዚያ ተናገርኩ። አንድ ቀን አማንን ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ ሳጥበው ፎጣ ላመጣ ወጣሁ። ፎጣውን ይዤ በሩ ውጭ ቆምኩ። ባልመለስስ? አልኩ። ውሃው ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። “እማ፣ በረደኝ” ይላል። ቆምኩ።

ሮሐ አልደነገጠችም። አጠገቤ የተቀመጠችው የዓለምወርቅ፣ ሁለት ልጆቿ የታመሙባት፣ “አንቺ ገና በር ላይ ነሽ እንዴ! እኔ እኮ በሩን ቆልፌባቸው ቁልፉን ከአጥር ውጭ ወርውሬዋለሁ። ከዚያ ራሴው ጎንበስ ብዬ ሳር ለሳር ስፈልገው ዋልኩ” አለች። ሳቅን፣ እትዬ። ወሏሂ ሳቅን። ያን ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ። ቅዳሜ ባይኖር በሩ ውጭ ቆሜ እንደምቀር ነው የሚሰማኝ።

ዊልቸር ያስፈልገናል። እዚህ የሚገኘው ለአዋቂ ነው። ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሮሐ የእናቴን ወገን ስትጠይቀኝ ስለ አጎቴ ስለ ኑሕ ነገርኳት፤ ከፈረስ ወድቆ ሽባ ሆኖ በልጅነቱ ስለሞተው። “ፈረስ ነበራችሁ?” አለችኝ። ነበረን እንዴ? ሉብናም ከማግባቷ በፊት ደሟን ብትታይ ይሻላል ትላለች ሮሐ።

ልጅዎ ጀዊሪያ


ሻርጃ፣ ኅዳር 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀዊሪያ፣ ለእህቴ አደራ፤

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ደጅሽን በእንግዳ ይሙላው፣ አማንንም በአፊያ ያንሳልሽ። ደብዳቤሽን ከአዲስ አበባ የምትመላለሰው ሶፍያ ከሻንጣዋ ሥር አውጥታ ሰጠችኝ። በወረቀት ማድረግሽ ደግ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይላክም። ድምፅ ከሰው ሰው ይተላለፋል፣ ወረቀት ግን ይቀደዳል። እኔ የአንቺን ቀድጄዋለሁ። አንቺም የእኔን ቅደጂ።

አሁን የምሥራቹን ስሚ። ለሉብና ሰው መጣላት። የአዲሱ ገበያው የሐጂ ሱሩር የወንድም ልጅ ነው፤ ሥራው እዚሁ ነው። ቤተሰቡ ግን ቤት ሳናይ፣ ዘመድ ሳንጠይቅ አይሆንም ብለዋል። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ጉለሌ፣ አባቴ ቤት፣ አንቺ ያለሽበት ነው። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው። ጨዋ ሰው ደግሞ ይጠይቃል። ዘር ይጠይቃል፣ በሽታ ይጠይቃል።

ስለዚህ አማንን መኪና ገጭቶት ነው። በቃ። ሌላ አትጨምሪ። እሱንም አለማምጂው፤ ልጅ ነው፣ ቶሎ ይይዛል። መኪና የገጨው ልጅ ያለበትን ቤት ሰው ያዝንለታል። አንቺ የምትዪው ነገር ያለበትን ቤት ሰው ይሸሻል። የባልሽን ነገር ማንሳት አልፈልግም።

የቅዳሜውም ነገር ይቁም። የሙሽራው እህት ሩፋይዳ ጳውሎስ ነው የምትማረው፤ በዚያ ደረጃ ስትወጪ ብታይሽስ? ለማያውቁሽ ሴቶች ጓዳችንን ከፍተሽ ምን አገኘሽ? ኒካሕ እስኪታሰር ብቻ ነው። ሉብና እህትሽ ናት።

ዊልቸሩን አይቼዋለሁ። ሰማያዊ ነው፣ ያምራል። ነገሩ ሲያምርልን እልከዋለሁ።

አክስትሽ ኡሙሀኒ


ጉለሌ፣ ጥር 27 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእትዬ ኡሙሀኒ፤

አላህ ቤትዎን በሰላም ይጠብቅልኝ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ሄደዋል። ወደዋችኋል።

አማንን ጓዳ ላደርገው ነበር፤ ሐጂ ሱሩር “ልጁ የታለ?” አሉ። ተሸክሜ አመጣሁት። ጭንቅላቱን ዳበሱትና “ምን አገኘህ፣ ልጄ?” አሉት።

“መኪና ገጨኝ።”

“ኧረ! የት?”

እዚህ ማቆም ነበረበት። እኔ ያስተማርኩት እስከዚህ ነው። “ቁልቁለቱ ላይ” አለ። “ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ‘ጳውሎስ! ጳውሎስ!’ እያለ ነበር። ዝናብ ነበር። ጫማዬ ቱቦ ውስጥ ገባ።”

ከየት አመጣው? አላውቅም። የጫማውን ሲናገር እኔም አየሁት።

“ሹፌሩስ?” አሉ ሐጂ።

“ጥሎኝ ሄደ።”

ሐጂ አለቀሱ። አብረዋቸው የመጡት ሽማግሌ “ታርጋውን ያየ የለም?” አሉ። ሐጂ መልስ ሳይጠብቁ “ዘመድ ሆነናል እንግዲህ። የዘመድ ልጅ እንዲህ ተጥሎ አይቀርም። የተራ አስከባሪዎቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ ያን ሰው አገኘዋለሁ” አሉ። ይተዉት አልኳቸው። “አንቺ ደግ ስለሆንሽ ነው” አሉኝ።

ከወጡ በኋላ አማን “ጥሩ አልኩ?” አለኝ። ጥሩ አልክ አልኩት።

ቅዳሜ መሄድ ትቻለሁ። ቅዳሜ ሲደርስ ቤቱን እጠርጋለሁ፣ መልሼ እጠርጋለሁ። የዓለምወርቅ ደውላ “ልጅሽ ዳነልሽ መሰለኝ፤ ካልዳነማ አትጠፊም። እስቲ መድኃኒቱን ንገሪን፣ ምቀኛ አትሁኚ” አለችኝ። ቀልዷን ነው። ስልኩን ዘጋሁት።

ስለ ፈረሱ አልመለሱልኝም።

ጀዊሪያ


ሻርጃ፣ መጋቢት 30 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጀዊሪያ፤

አላህ ልብ ይስጥሽ፣ ልጅሽንም ልብ ይስጠው። ዝናብ ምን አመጣው? ረዳት ምን አመጣው? ሁለት ቃል አይበቃም ነበር? ሐጂ ሱሩር ደጅ ደጁን ሹፌር ሲፈልጉ አስቢው። “ሹፌሩን ለአላህ ብለን አፉ ብለነዋል” በያቸው። ጨዋ ሰው ይህን ይሰማል።

ኒካሑ ለሐምሌ ተቆርጧል። የሉብናን ደም ነገር ደግመሽ እንዳታነሺ። ሙሽራ ላይ ደም አይነሳም። ዊልቸሩን ለሶፍያ ሰጥቻለሁ።

ኡሙሀኒ


ጉለሌ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእትዬ ኡሙሀኒ፤

ሰላም ለቤትዎ፣ ለሙሽሮቹም በረካ ይሁን። የሠርጉን ፎቶ አየን፤ ሉብና እናቴን ትመስላለች።

ዊልቸሩ ደርሷል። ሶፍያ ራሷ ዳገቱን ተሸክማ አመጣችው። ላስቲኩን ከላዩ ሳላነሳ አማንን አጠገቡ አስቀመጥኩት። የአምስት ዓመት ልጅ ነው። ማለቴ ወንበሩ። መጨረሻ የመጡ ጊዜ አማን አምስት ዓመቱ ነበር፤ ያኔ ባዩት ልክ ነው የገዙት። አማን ሳቀ። “የልጄ ይሆናል” አለ። እንዳለ ከነላስቲኩ ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት።

አሁን ሌላውን ልንገርዎ። አፉ ብለነዋል አልኳቸው፣ እንዳዘዙኝ። ሐጂ ሱሩር የበለጠ ባሰባቸው። “አፉ ያላችሁትን ሰው አፉ መባሉን ማን ነገረው? መጥቶ ይስማ” አሉ። ሰውየውን አገኙት።

አዎ። አገኙት።

ደቻሳ ይባላል። ጸጉሩ ሸብቷል። ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ ከሽማግሌዎች ጋር፣ ደጃፋችን ላይ ተንበረከከ። ከዓመታት በፊት በዚሁ ቁልቁለት፣ በዝናብ፣ አንድ ልጅ ገጭቶ ሳይቆም ሄዷል። ሐጂ ተራ ለተራ ሲያስጠይቁ ሰምቶ ራሱ ነው “እኔ ነኝ” ብሎ የመጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ አልጨበጥኩም አለ።

“ልጁ ቀይ ሹራብ ለብሶ ነበር” አለ፤ ቀና ብሎ አያይም።

አማን እኔን አየኝ። ከዚያ “አዎ፣ ቀይ ነበር” አለ።

ሰውየው ጮኸ፣ እትዬ። እንደ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን አወረዱለት። አማን “አፉ ብዬሃለሁ” አለው፣ እጁንም ሰጠው። ሁሉም አለቀሱ። እኔ ብቻ የዚያን የሌላውን ልጅ እናት እያሰብኩ ቆምኩ። ባለ ቀይ ሹራቡን። የማንን ይቅርታ ሰጠን? ይህን የምጠይቀው ቅዳሜ ነበር።

ሲሄዱ አማን “እማ፣ እሱ ነው አይደል?” አለኝ። ትራሱን አስተካከልኩለት። “የመኪና ከሆነ እኮ ይድናል፤ አጥንት ይገጥማል” አለ።

ስለዚህ ኒካሑም ታስሯል፣ ቃሌንም ጠብቄያለሁ። ወደ ቅዳሜዬ ልመለስ። እውነቱን እንዴት እንደምነግረው ሮሐ ታውቃለች፤ እኔ አላውቅም። ይፍቀዱልኝ።

ጀዊሪያ


ሻርጃ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀዊሪያ፤

ምስጋና ለአላህ ይሁን፣ ሉብና ፀንሳለች። ደስ ይበልሽ። ሐኪሟ የቤተሰብ በሽታ አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ ሉብና ወደኔ ዞረች፤ እኔም ንጹሕ ነን አልኩ። ባሏ እዚያው ተቀምጦ ነበር። አሁን አንቺ ደረጃ ወጥተሽ ስማችንን ለሰው ልትሰጪ ነው?

ሰውየው እንኳን ተገኘ። አንድ ኃጢአተኛ አረፈ፤ አንቺ ምን ጎደለብሽ? አማንም ሰው የሚያዝንለት ልጅ ሆነ። ይድናል ብሎ ቢያስብ ምን ይጎዳዋል? ተስፋ ነው። አንቺ ልትነጥቂው የምትቸኩዪው ለምንድን ነው?

ልጁ እስኪወለድና ጠንክሮ እስኪቆም ታገሺ። ቤቱ በእኔ ስም መሆኑን አንስቼብሽ አላውቅም። አሁንም አላነሳውም።

ኡሙሀኒ


ጉለሌ፣ መጋቢት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ፤

ሉብና ወንድ ልጅ በሰላም መገላገሏን፣ ስሙንም ኑሕ ማለቷን ከሰማሁ ቆየሁ። አላህ ያሳድገው።

የዓለምወርቅ ታላቁ ልጇ ሞተባት። ድንኳኑ ጥግ ደርሼ ተመለስኩ፤ የሉብና ባል እህት ሩፋይዳ ከጳውሎስ ጓደኞቿ ጋር መጥታ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። የዓለምወርቅ ስመለስ አየችኝ። ከዚያ በኋላ አልደወለችም፤ ቀልድም አልላከችም።

አማን አሁን ብርጭቆ ማንሳት ተስኖታል። እውነቱን አወቀ። እኔ አልነገርኩትም። በስልኩ ፈልጎ፣ ብቻውን፣ እስከ መጨረሻው አነበበው። መጨረሻውንም ጭምር። ከዚያ “እማ፣ መብራቱን አጥፊልኝ” አለ። ቀን ነበር።

ጀዊሪያ


ሻርጃ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣ ለጀዊሪያ፤

አላህ ድካምሽን ይቁጠርልሽ፣ ሰላሙ ከአንቺና ከአማን አይለይ። ለደብዳቤሽ ሳልመልስ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ወገቤ ነው። አማን እንዴት ነው? ይበላል? ሁሌም በዱዓዬ አለ።

ሕፃኑ ቆንጆ ነው። ሳቂታ ነው። እንዲያው ለወሬ ያህል ልጠይቅሽ፣ አማን በስንት ወሩ ነበር ቆሞ የሄደው? አንዳንድ ልጅ እኮ ይዘገያል። እኔም ዘግይቼ ነው የሄድኩት፣ እናቴ እንዳለችኝ።

በስልክ ብትነግሪኝም ችግር የለውም።

አክስትሽ


ሻርጃ፣ መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጀዊሪያ፤

ለምን አልመለስሽልኝም? ስልክሽም አይነሳም።

አማን ከወለል ሲነሳ እጁን ጭኑ ላይ እየተመረኮዘ ነበር የሚነሳው? ባቱ ወፍራም ነበር? እኔ ጥንካሬ ይመስለኝ ነበር። በጣቱ ይረግጥ ነበር?

ሉብና ምንም አታውቅም። ሐኪሟ የሕፃኑ ደም ይታይ ብላለች፤ ባሏ ደግሞ በማን ወገን ምን ቢኖር ነው ብሎ ተቆጥቷል። አንቺን ልትጠይቅሽ ትደውላለች። አንቺ የምትዪውን አውቀሽ በዪ። ወይም አትበዪ። እኔ ምን እንደምል ጠፍቶኛል። አንቺ በዪላት፣ ልጄ፤ ከአንቺ ብትሰማው ይሻላል። እኔ ምን ፊት አለኝ?

ያቺ የቅዳሜ ሴትዮ አለች? ቁጥሯን ላኪልኝ። ለአንዲት ጎረቤቴ ነው።

ኡሙሀኒ


ጉለሌ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ኡሙሀኒ፤

የአላህ ሰላምና እዝነት ሻርጃ ባለው ቤትዎ ይግባ። ወገብዎ እንዴት ነው? ሱቁስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ሉብና ደወለች። እኔን ሳይሆን አማንን አቅርቢልኝ አለችኝ። ልጅ አይዋሽም ብላ ይሆናል። ስልኩን ትራሱ ላይ፣ ጆሮው አጠገብ አስቀመጥኩለት። ድምፁን ከፍ አድርጌ ነበር፤ ሁሉንም ሰማሁ።

“አማንዬ፣ በአላህ እውነቱን ንገረኝ። አንተን ምን ነበር ያገኘህ?”

አማን እኔን አየኝ። የዓለምወርቅ ከድንኳኑ ጥግ ስመለስ እንዳየችኝ ዓይነት አስተያየት ነበር። ከዚያ፣ “መኪና ነው” አላት።

“ወሏሂ?”

“ወሏሂ። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ። ዝናብ ነበር። ጫማዬ ቱቦ ውስጥ ገባ። ሹፌሩ ደቻሳ ይባላል፤ በየዒዱ ሙዝ ይዞልኝ ይመጣል። ብትፈልጊ ቁጥሩን ልስጥሽ።”

ሳቀች፣ እትዬ። እያለቀሰች ሳቀች። “እማዬም እንዲሁ ነበር ያለችኝ። እኔ ሞኟ! ልጄን በመርፌ ላስወጋው ነበር፤ ባሌም ደስ አይለውም። በቃ፣ ቀጠሮውን እሰርዘዋለሁ። ወፍራም ልጅ ነው፣ ስለከበደው ነው የሚወድቀው” አለች። ለአማን ዱዓ አደረገችለት።

ስልኩን መቀበል እችል ነበር። እጄ ሻይ ይዞ ነበር። ሻዩን ማስቀመጥ እችል ነበር።

ሲዘጋ አማን “ጥሩ አልኩ?” አለኝ። አሁን ድምፁ ጎርንኗል፤ ትንፋሽ ግን ያጥረዋል። እንደ ድሮው ጥሩ አልክ አልኩት።

እኔን ንገሪያት ብለውኛል። አልነግራትም። መናገር የተማርኩት ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር፤ አሁን ረስቼዋለሁ። የሮሐን ቁጥር አጥፍቼዋለሁ፣ ደብዳቤ ቅደጂ ባሉኝ ጊዜ። ክፍሉ አሁን የልብስ ስፌት ሆኗል። ለጎረቤትዎ አዝናለሁ።

ለጥያቄዎችዎ፦ አዎ። በእጁ ጭኑን እየተመረኮዘ ነበር የሚነሳው። አዎ፣ ባቱ ወፍራም ነበር፤ እኔም ጥንካሬ መስሎኝ ለጎረቤት አሳይ ነበር። አዎ፣ በጣቱ ይረግጥ ነበር። ቶሎ የተጀመረ መድኃኒት ጥቂት ዓመት ይጨምራል ይላሉ። የሰረዘችው ቀጠሮ መቼ እንደነበር አልነገረችኝም፤ እርስዎ ያውቁት ይሆናል። ባሏ እዚያው ተቀምጦ ሳለ ይንገሯት።

የፈረሱን ነገር ግን አሁን አይመልሱልኝ። አባትዎ ቤት ነው የምኖረው። ግቢውን ብዙ ጊዜ ጠርጌዋለሁ። እዚህ ፈረስ ታስሮ አያውቅም።

ያቺ ትንሿ ዊልቸር እንዳለች ናት። ላስቲኳ እንኳ አልተቀደደም። ሶፍያ በሚቀጥለው ወር ትመጣለች፤ እሰጣታለሁ። ለኑሕ ጥቂት ትሰፋዋለች። ያድጋል።

ጀዊሪያ